በቱርክኛ ያየነው የመጨረሻ ክፍል

የዚያን ቅዳሜ እኛ ቤት የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ልቁጠር፤ በኋላ "እኔ አልነበርኩበትም" የሚል እንዳይመጣ። እኔ ነበርኩ። አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ሕይወት ነበረች። በአንድ ግድግዳ የምንዋሰነው ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ ነገሩ ሁሉ የእሳቸው ነው። ፒያሳ ወርቅ ሲሠሩ ኖረው አሁን ቤት የዋሉት ጋሽ ታምራት ነበሩ፣ ከነሪሞታቸው። የግቢያችን በር ላይ ሱቅ ያለው ሙኽታር ከሱቁ እኛ ቤት፣ ከእኛ ቤት ሱቁ ይመላለስ ነበር። ዲሽ ሠሪው ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጣሪያ ላይ ነበር፤ እሱን ከሰው ልቁጠረው አልቁጠረው ገና አልወሰንኩም።

የተሰበሰብነው ለአንድ ድራማ ነው። የቱርክ ነው፤ ወደ አማርኛ እየተመለሰ ሲታይ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሰዎቹን ስም መያዝ ስለማይሆንልን በእኛ ግቢ እናትየዋ "ወይዘሮዋ" ትባላለች፣ ልጅቷ ደግሞ "ቀይ ጸጉሯ"። ቀይ ጸጉሯ እናቷ ያልወደደችውን ሰው አግብታ ከቤት ወጣች፤ ወይዘሮዋም የግቢዋን የብረት በር ዘጋችባት። ታሪኩ ይኸው ነው። ሁለት ዓመት የፈጀው ሰዎቹ መስኮት ጋ ቆመው ስለሚያስቡ ነው። ወይዘሮዋ አንዲት ደብዳቤ ለመክፈት ሦስት ሳምንት አቆይታናለች። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ያቺን ደብዳቤ ግን ድስቱ ሳያርብኝ አንብቤ እጨርሳት ነበር።

እትዬ ዘነበች አንድም ቀን አላማረሩም። ምክንያቱን ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም። የእሳቸውም ልጅ አስቴር፣ ቡታጅራ የሚሠራ ሰው አግብታ ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል። ሽማግሌ አልተላከም። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሦስት ሽማግሌ ልኮ ቢሆን ኖሮ እትዬ ዘነበች አንድ ቀን ተኮሳትረው በሁለተኛው ቀጠሮ እሺ ይሉ ነበር። "እኔን ሰው ብለው አንድ ሽማግሌ እንኳ አልላኩብኝም" ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ የአስቴርን ስም አልጠሩም።

ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሙኽታር መልእክት ይዞ መጣ። ዘመዶቹ ቡታጅራ ናቸው። አስቴር ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ሰማንያ ቀኗ ሰኞ ይሞላል፣ ክርስትናዋ ያን ቀን ጠዋት ነው፣ "እማዬ ትምጣልኝ" ብላለች። እትዬ ዘነበች ምስር ይለቅሙ ነበር። አንድ ጠጠር አወጡ፣ አዩት፣ ጣሉት።

"እስቲ መጀመሪያ ወይዘሮዋ በሩን ትክፈትላት፤ ከዚያ አያለሁ" አሉ።

ስቀው ነው ያሉት። እኛም ሳቅን። በሳምንቱ ግን ሻንጣቸውን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርደው፣ አቧራውን ጠርገው፣ ምንም ሳይከቱበት አልጋቸው ሥር አስቀምጠውት አየሁ። ያን ጊዜ ሳቄ ቀረ።

የመጨረሻው ክፍል የሚታየው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ነው። የሙኽታር ወንድም ሚኒባሱን ይዞ ወደ ቡታጅራ የሚነሳው እሁድ ጠዋት ነው፤ ወንበር የሚፈልግ ቅዳሜ ሳይመሽ መናገር አለበት። ድራማው የሚደገመው ሰኞ ከሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ክርስትናው አልፏል። ስለዚህ አንዲት እናት ልጇን ትይ አትይ የሚወሰነው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ፣ በቴሌቪዥን ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ለቴሌቪዥን ይሰጣል ወይ ብትሉኝ፣ እኔም ራሴን ጠይቄ ነበር። እትዬ ዘነበችን ግን ማን ይጠይቃቸዋል?

አሁን ስለ ዲሹ ልንገራችሁ። የግቢያችን ዲሽ አንድ ነው፣ ሪሲቨሩም አንድ ነው፣ ቴሌቪዥኖቹ ግን አራት ናቸው። ያኔ ሁላችንም አዋጥተን ስንገዛ ሪሲቨሩ ጋሽ ታምራት ቤት ተቀመጠ፤ ከእሳቸው ቤት ገመድ እየተሳበ ለየቤታችን ደረሰን። እሳቸው የከፈቱትን ነው የምናየው። ኳስ ከከፈቱ ግቢው ኳስ ያያል። ዜና ከከፈቱ ዜና ነው። ንብ እርባታ ላይ እንቅልፍ ከወሰዳቸው ሁላችንም ንብ ስናረባ እናመሻለን። "ይቀይሩልን" ለማለት ግድግዳ ማንኳኳት ነው፤ ጆሯቸው ደግሞ ከባድ ነው፤ ማንኳኳቱንም የሚሰሙት ሲፈልጉ ነው።

ለዚያ ቅዳሜ ግን ኳሳቸውን ትተውልናል። "ለእትዬ ዘነበች ስል ነው" አሉ፣ አንድ ኩላሊቱን እንደሚሰጥ ሰው። ቻናሉን ዓርብ ቀን አስተካክለው፣ ቅዳሜ ቤታቸውን ቆልፈው፣ ማንም እንዳይነካው ሪሞቱን በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው እኛ ቤት መጡ።

እኔ ደግሞ የእኔን ጥንቃቄ ዓርብ ማታ አድርጌ ነበር። ሰሞኑን በረዶ ይጥል ነበር። ዲሹ ያለው ዝቅ ያለችው የጋሽ ታምራት ኩሽና ጣሪያ ላይ ነው፤ ከፊቱ ያለችውን ዓይኑን በረዶ ቢመታትስ ብዬ በርጩማ ላይ ቆምኩና የዱቄት ወተት ከረጢት አለበስኳት። ውስጡ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ ወፍራም ከረጢት ነው። በላስቲክ አሰርኩት፣ በላዩ በክር ደገምኩት። አራስ ልጅ እንኳ እንደዚያ አድርጌ አልጠቀለልኩም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቴሌቪዥኑን ብንከፍት "ሲግናል የለም" አለን።

ከረጢቱን ረስቼው አይደለም። ከረጢትን ከሰማይ ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ ነው። ሬዲዮ ቁም ሳጥን ውስጥ ዘግተውበትም ይዘፍናል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሙኽታር የሚያውቀውን ዲሽ ሠሪ ጠራ፤ ሰውየው በሩብ ሰዓት ከስድስት ኪሎ ደረሰ፣ ወጣ፣ ከጣሪያው ላይ መጮህ ጀመረ።

"ማዘር፣ ስንት ያሳያል?"

"ዜሮ ይላል።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ዜሮ።"

ዲሹን ወደ እንጦጦ አዞረው። ወደ አራት ኪሎ መለሰው። ሽቅብ አቀናው፣ ቁልቁል ደፋው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው ፊቱን አዙሮ የዲሹን ዓይን ያየው።

"ይሄን ዳይፐር ማነው ያደረገለት?" አለ።

ሕይወት እኔን አየችኝ።

"ለበረዶ ነው" አልኩ።

"የሕይወት እናት፣ ዣንጥላስ አልያዝሽለትም?" አሉ ጋሽ ታምራት።

እንግዲህ እኔ አጥፍቻለሁ። ግን ዲሽ ልሠራ ብሎ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዲሹን አይደለም ወይ? ሐኪም እንኳ ሰው ከማገላበጡ በፊት ፊቱን ያያል። ከረጢቱን አነሳ፤ ዲሹ ግን ዓርብ የነበረበትን አቅጣጫ ስቷል። ፈለገ፣ ፈለገ፣ በመጨረሻ ያገኘልን አንድ የአረብ ጣቢያ ነው፤ ግመሎች ይሮጣሉ። "መለኪያውን ስላልያዝኩ ነው፣ ነገ ይዤው እመጣለሁ" ብሎ ወረደ። መርፌውን ቤቱ ትቶ የሚዞር ልብስ ሰፊ ዓይታችሁ ታውቃላችሁ?

አሥር ሰዓት አለፈ። እትዬ ዘነበች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የሚሮጡትን ግመሎች ያያሉ።

"እማዬ፣ በስልክም ይታያል እኮ" አለች ሕይወት። "ጣቢያው በኢንተርኔት ያስተላልፈዋል። ጥቅል ሙዪና ስልክሽን ስጪኝ።"

በግቢው እንዲህ ያለውን ስልክ የያዝነው እኔና ሙኽታር ነን፤ የሙኽታር ደግሞ የሱቁ ክፍያ የሚገባበት ስለሆነ ከእጁ አይለይም። ሕይወት የራሷ ስልክ የላትም፤ አያስፈልግሽም ያልኳት እኔ ነኝ፣ ያን ቀን ግን ማንም ይህን አላነሳብኝም። ሙኽታር ጥቅሉን ሞላልኝ። ስልኬ ላይ ዳታ የሚባለውን ካጠፋሁት ዓመት አልፎታል፤ "ዳታ በላብኝ" ሲሉ ስለምሰማ ዘግቼው ነው የኖርኩት። ሕይወት ስትከፍተው ስልኩ እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሞ የነበረው ሁሉ አንድ ላይ ገባ። የእንቁጣጣሽ አበባ መጣ። የመስቀል ደመራ ከነጭሱ መጣ። የገና ሻማ፣ የጥምቀት ጥሩንባ፣ የፋሲካ ዶሮ መጣ። ከአንዲት የአክስቴ ልጅ ብቻ አሥራ አንድ ስብከት መጣ፣ አንዳንዱ የአንድ ሰዓት ነው። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ክብ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ የወይዘሮዋ ግማሽ ፊት እስከ ጉትቻዋ ድረስ ብቅ አለ።

"መጣች" አሉ እትዬ ዘነበች፣ ከተቀመጡበት ተነሥተው።

ቆመች። ወይዘሮዋ አፏ እንደተከፈተ ደርቃ ቀረች። ጥቅልዎ አልቋል የሚል መልእክት ገባ።

ሁለተኛ ብንሞላ ኔትወርኩ ራሱ ሄደ። አገር ሁሉ ያን ሰዓት ያንኑ ነው የሚያየው። ሰው የከፈለበትን ነገር ሌላው ሰው ስላየው እሱ የማያይበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዳቦ ቤት እንኳ ዳቦው ካለቀ ገንዘብህን አይቀበልህም።

"ፒያሳ ፊልም የሚጭኑ አሉ፤ ፍላሽ ይዤ ልሂድ" አለች ሕይወት። ልጄን ብቻዋን ፒያሳ አልልክም። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ፍላሹን እንዳይጠፋ በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሁለታችን ከአፍንጮ በር በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን ወጣን። እኔ የማውቀው ፊልም ቤት የነበረበት ቦታ አሁን አበባ ተተክሎበታል። አበባው ያምራል፤ ግን ፊልም አይጭንም። ወደ ላይ ስንጠይቅ፣ ስንጠይቅ አንድ ሕንጻ ውስጥ፣ ከደረጃ ሥር፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ከኮምፒውተሩ ኋላ አገኘን።

"ማዘር፣ ሙሉውን ልጫንልሽ?"

"የመጨረሻዋን ክፍል ብቻ።"

"እሷ በአማርኛ ገና ናት። አሁን እየታየች አይደል እንዴ? ነገ ከሰዓት ነው የምትገባልኝ። በቱርክኛው ግን አለችኝ፤ እዚያ ካለቀ እኮ ቆየ።"

"እዚያ ካለቀ ቆየ?"

"ሁለት ዓመት ይሆነዋል።"

እስቲ ይህን አስቡት። እኛ እዚህ በየምሽቱ ልባችን ተሰቅሎ፣ ወይዘሮዋ በሩን ትክፈት አትክፈት እያልን ስንጨነቅ፣ አንድ አገር ሙሉ ሕዝብ መልሱን አውቆ፣ ረስቶት፣ ወደ ሌላ ሥራው ሄዷል። አንድ ሰው እንኳ ደውሎ አይነግርም።

"እማዬ፣ በቱርክኛ ምንም አይገባንም" አለች ሕይወት።

የዚያን ቀን ትልቁን ስሕተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው፤ ከረጢቱ ምንም አይደለም። "ሁለት ዓመት ቤታችን የከረሙ ሰዎች ናቸው፣ ፊታቸውን ዓይተን ይገባናል" አልኳትና ፍላሹን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁት።

ቤት ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሙኽታር "ወንድሜ ደውሏል፣ ወንበሩን ልያዝ ልተው ይላል" ብሎ በሩ ላይ ቆሟል። ፍላሹ ተሰካ። ወይዘሮዋ መጣች፣ ተናገረች፣ ሁላችንም ተያየን።

"ይቺ ሴት ጉንፋን ይዟታል እንዴ?" አሉ እትዬ ዘነበች።

ድምጿ ቀጭን ነው። በአማርኛ የምናውቃት ወይዘሮ ስትቆጣ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ ወፍራም ድምፅ ነበራት፤ ይቺኛዋ እንደ ጫጩት ነው። ዝም ብላ ስታይ እሷው ናት፣ አፏን ስትከፍት ሌላ ሰው ትሆናለች። የማላውቃት ሴት የወይዘሮዋን ልብስ ለብሳ የመጣች ነው የመሰለኝ።

ጋሽ ታምራት ሊተረጉሙልን ተነሡ። በልጅነታቸው አረብ ሱቅ አጠገብ ስለሠሩ ቱርክኛ ለጆሯቸው አዲስ አይደለም አሉ። "ይኸው፣ ውኃ አምጪልኝ አለቻት" ሲሉ ሠራተኛዋ ካፖርት ይዛ መጣች። "ውኃ ያሉት ካፖርት ነው፣ ብርድ እንዳይመታት" አለ ሙኽታር። "አንተ ወደ ሱቅህ ሂድ" አሉት።

ከዚያ ቀይ ጸጉሯ መጣች። ልጇን አቅፋ የብረት በሩ ጋ ቆመች። ያን ጊዜ የሚተረጉምም የሚቀልድም ጠፋ። ወይዘሮዋ ከመስኮት አየቻት፣ ደረጃውን ወረደች፣ ግቢውን አቋርጣ ሄደች። በሩን አንድ እጅ በሚያሳልፍ ያህል ከፈተችው። ረጅም ነገር ተናገረች፤ እንባዋ ይወርዳል። እጇን ሰድዳ አንዲት ትንሽ ሳጥን ሰጠቻት። ቀይ ጸጉሯ ሳጥኑን ከፍታ አየች፣ ሳመችው፣ አለቀሰች። እዚህ ላይ ሥዕሉ ሁለቱንም ትቶ ወደ ባሕር ሄደ። ባሕሩን ማን ጠየቀው? ወፎች በሩ፣ ጽሑፍ መጣ፣ አለቀ።

"ሐብል ነው" አሉ ጋሽ ታምራት። "የሳጥኑን ዓይነት አውቀዋለሁ። እናት ለልጇ ሐብል ከሰጠች ታረቁ ማለት ነው።"

"እኔ የተሰናበተቻት ነው የመሰለኝ" አለች ሕይወት ቀስ ብላ።

እትዬ ዘነበች ሁለቱንም አላዩዋቸውም። ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ የወለድሽ ነሽ" አሉኝ። "ምን አለቻት?"

የነጠላቸውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠውታል። ሙኽታር ስልኩን ይዞ በሩ ላይ ይጠብቃል፣ ውጪው ሊጨልም ነው። እኔ እንኳን ቱርክኛ፣ ጎረቤት ያለ ጉራጊኛ ሳይገባኝ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት።

"ግቢ ልጄ፣ ቤትሽ ነው፤ ነው ያለቻት" አልኳቸው።

ከዚያ ለሙኽታር "ከኋላ ሳይሆን ከፊት ይያዝልኝ፣ ያስመልሰኛል" አሉትና ሻንጣቸውን ሊያዘጋጁ ገቡ። ጠዋት ስሸኛቸው አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው ነበር። ለሕፃኗ የገዙት ካልሲ የአንድ ዓመት ልጅ እግር የሚያስገባ ነው፤ አልነገርኳቸውም።

እሁድ ዲሽ ሠሪው መለኪያውን ይዞ መጣ፤ በአምስት ደቂቃ አስተካከለው። ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ታምራት ሪሞታቸውን ይዘው ገቡ፣ ተቀመጥን። ወይዘሮዋ በዚያ በምናውቀው በወፍራም ድምጿ፣ በጥሩ አማርኛ፣ በሩን በአንድ እጅ እንደያዘች እንዲህ አለች፦ "ይህ ከአባትሽ የደረሰሽ ነው፤ ውሰጂና ሂጂ። እኔ እስካለሁ ይህ በር ላንቺ አይከፈትም።"

ጋሽ ታምራት ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሕይወት ተነሥታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች፤ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ግን አሁንም ንዴቴ አልበረደልኝም። ሁለት ዓመት የሰውን ልብ አንጠልጥሎ፣ በመጨረሻ አንዲት እናት በልጇና በልጅ ልጇ ላይ በር እንድትዘጋ የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እናት የለውም? ዋሸሽ የምትሉኝ ካላችሁ፣ የዋሸ እሱ ነው እላለሁ። ያልሆነውን ጽፏል። እኔ መሆን የነበረበትን ነው የተናገርኩት። ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ለራሴ እላለሁ፤ እንቅልፍ ግን አልሰጠኝም። አስቴርም ቤት ቴሌቪዥን አይጠፋም። ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ፣ እንግዳው ገና ሳይበተን፣ ያ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ከሆነስ?

እትዬ ዘነበች ከሄዱ ይኸው ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ስደውል ስልካቸው የሚጮኸው ከግድግዳው ማዶ፣ ከራሳቸው አልጋ ላይ ነው፤ ረስተውት ሄደዋል። አሁን ባትሪውም አልቆ ዝም ብሏል። የአስቴርን ቁጥር እኛ ግቢ የያዘ የለም፣ ስሟ የማይነሳ ሰው ቁጥር ማን ይይዛል? የሙኽታር ወንድም አስፋልቱ ላይ እንዳወረዳቸውና "ከዚህ በእግሬ እሄዳለሁ" እንዳሉት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ በሳምንቱ ደግሞ መስመር ቀይሮ ሆሳዕና ይመላለሳል። ሙኽታር ዘመዶቹን ቢጠይቅልኝ "ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም" አሉት። ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ወሬ ምንድን ነው?

ስለዚህ ቡታጅራ ያላችሁ፣ ወይም እዚያ ሰው ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ረጅም ናቸው፣ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ፣ ቡናማ ሻንጣ ይዘዋል፣ ልጃቸው አስቴር በቅርቡ ሴት ልጅ ክርስትና አስነሥታለች። ያያቸው ሰው ካለ፣ እትዬ ዘነበች ደህና መሆናቸውንና አስቴር ቤት መግባታቸውን የሚነግር መልእክት ለሙኽታር ሱቅ ይላክልኝ።